ጨው ያልነሰነስኩባት ጀልባ

ኦክቶበር 12

ዛሬ ሉቺያን ከባሕር አወጧት። አሥራ አንድ ወንድ ገመድ ይዞ፣ ከሥሯ ሞራ የተቀባ ግንድ እየተደረገላት፣ እስከ ወይራው አጥር ድረስ ተጎተተች። ልጄ ፕሮስፔር ከተቀበረ ገና ሃያ ቀን አልሞላውም። ስለዚህ እንደ ሌላው ጊዜ «ሆ!» ብሎ የሚያስጀምር አልነበረም። ዝም ብለው ጎተቱ፤ ዝም ብለው ስለጎተቱም ከበደቻቸው።

ጀልባ ጠጋኙ ሽማግሌ ባርባ ኩዝማ ዙሪያዋን ዞረው አዩና ጠሩኝ።

«ቪንካ፣ ስሚኝ። ከላይ ትሸፈን፤ በጎንና በጎን ግን ነፋስ ይለፍባት። የወለሉን ሳንቃ እያነሳሽ አቁሚው። ሆዷ ውስጥ ሁለት ጆንያ ጨው ነስንሺ፤ ጨው እንጨትን ከመበስበስ ይጠብቃል። ጀልባን የሚገድላት የባሕር ውሃ አይደለም፤ የሰማይ ውሃ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ባርባ።»

«ማወቅሽን አውቃለሁ። የምናገረው እንዳይቆጨኝ ነው።»

ሰዎቹ ሲሄዱ ምራቴ ያድራንካ እጇን ጀልባዋ ላይ አድርጋ ቀረች። «እማማ፣ እኔ እስከ ፀደይ ሰርዲን ፋብሪካው ነኝ። በጨለማ ወጥቼ በጨለማ ነው የምመለሰው። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎት። ሉቺያን ይጠብቁልኝ። ከማርቆስ በዓል ማግስት እኔ ራሴ ነኝ ወደ ባሕር ይዣት የምወጣ።»

«አንቺ? ሴት ልጅ? ብቻሽን?»

«ሌላ ማን ቀረን?»

እሺ አልኳት። በልጄ ነፍስ እሺ አልኳት።

ኦክቶበር 13

ሸፈንኳት። የቲማቲም ችግኝ የምሸፍንበትን ላስቲክ አወጣሁ። ከላይ እስከ ታች፣ ዙሪያዋን። አሥር ቦታ በገመድ አሰርኩ። ጣት አያስገባም።

ዝናብ እንዳይገባባት ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ኮዳውን ከዘይት ማሰሮው ኋላ አድርጌዋለሁ። ነገ ሌላ ቦታ እፈልግለታለሁ።

ኦክቶበር 21

ዳቦ ቤቱ ደጅ ላይ ጎረቤቴ ፔሪና፣ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «ቪንካ፣ ጀልባ ነው ወይስ ሙሽራ ነው የከናነብሽው?» አለችኝ። ሳቁ። ወዲያው ልጄ ትዝ አላቸውና አፋቸውን ያዙ። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

«ዝናብ እንዳይገባባት ነው» አልኩ።

«ተይ እንግዲህ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጀልባና ባል አየር ካጡ ይሸታሉ ይል ነበር።»

«ያንቺማ አየር እያለም ይሸት ነበር» አልኳት። ያኔ ሁላቸውም ከልብ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ቤት ስገባ፣ ልጇ የሞተባት ሴት አደባባይ ላይ ሳቀች ይባላል ብዬ አፈርኩ። ግን ያሳፈረኝ እሱ አልነበረም።

ኖቬምበር 2

የሙታን ቀን። ከያድራንካ ጋር መቃብሩን ጠረግን። ቄሱ የዓመቱን ሙታን ስም ሲጠሩ የእኛን «ክፉው ዩጎ የወሰደው ወንድማችን ፕሮስፔር» አሉት። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

ዩጎ ሲነፍስ ባሕሩ ከደቡብ ያብጣል፤ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ያን ቀን ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ ነበር። እዚያ የቆመው ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ያን ዕለት ባሕር ላይ ነበረ። ማንም ትንፍሽ አላለም። ደግነታቸው ነው። ደግነታቸው ትከሻዬ ላይ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ከበደኝ።

ያድራንካ ክንዴን ይዛ ነበር። «ዩጎ ነበረ እንዴ፣ እማማ? እኔ ፋብሪካ ውስጥ ሆኜ አልሰማሁትም» አለችኝ።

«ባሕር ላይ ሌላ ነው» አልኳት።

ኖቬምበር 11

የማርቲን በዓል። አዲሱ ወይን የሚቀመስበት ቀን። እኛ በርሜላችንን አልከፈትንም። ሐዘንተኞች ስለሆንን የጠየቀን የለም። ምድር ቤት ወርጄ በርሜሉን በእጄ ነካሁትና ወጣሁ። የአባቴ ተራራ ወይን ነው። በዚህ መንደር የቪንካን ወይን የሚያህል የለም ይባላል። እንዲህ ሲሉኝ አንገቴን ደፋ አድርጌ በውስጤ እኮራ ነበር።

ባርባ ኩዝማ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ያዙኝ።

«ጨውን ነሰነስሽ?»

«ነሰነስኩ።»

«ሁለቱንም ጆንያ?»

«ሁለቱንም።»

«ሳንቃውንስ አነሳሽ?»

«አነሳሁት፣ ባርባ።»

«ጎበዝ። ባልሽ ሚስት ያገባ መስሎት መርከበኛ ነው ያገባው።»

ጨው አጥቼ አይደለም። ሁለቱ ጆንያ የሰርዲን በርሜሎቹ አጠገብ ተደግፈው ቆመዋል። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር አያቸዋለሁ። ለመነስነስ ላስቲኩን መፍታት ነው። ላስቲኩን ከፈታሁ ባርባ ኩዝማ «እስቲ ልይ» ይላሉ። ካዩ ደግሞ…

ለምን እንደዋሸሁ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። እጄ ደከመኝ።

ኖቬምበር 20

ዩጎ። ዘጠነኛው ቀን። ዝናብ። ግድግዳው ያልበዋል። ዳቦ በሁለት ቀን ይሻግታል።

ወረድኩ። ላስቲኩን በጣቴ ገፋ አደረግኩት። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ዝናቡ ከውጭ ነው። ጠብታው ከውስጥ።

ነገ እፈታታለሁ። ዶሮዎቹ ዝናብ ላይ ናቸው።

ኖቬምበር 21

አልፈታሁም።

ዲሴምበር 6

የኒኮላስ በዓል። እንደ ልማዳችን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያረጀች ጀልባ ተቃጠለች። ዘንድሮ የባርቱል ጀልባ ነበረች፤ ስልሳ ሁለት ዓመት አጥምዳለች። ባርቱል ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ እንደ ልጅ አለቀሰ። ማልቀሱ አያሳፍረውም። ጀልባዋ ሥራዋን ጨርሳ፣ በክብር፣ በደወል ነው የሄደችው።

እሳቱ ሲያያዝ ፔሪና «የመጪው ዓመት ተራ የማን ይሆን?» አለች።

«የማንም ይሁን ሉቺያ አትሆንም» አለ ከወንዶቹ አንዱ። «ቪንካ እንደ እንቁላል ነው የያዘቻት።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። በደግ ዓይን። እሳቱ ፊቴን ያጋለው መስሏቸው ይሆናል።

አመዱ ሲበርድ ያድራንካ በቆርቆሮ ዘግና ወሰደች። አዲስ ጀልባ ሲሠራ ከአሮጌዋ አመድ መሠረቱ ላይ ይጨመራል፤ ዕድል እንዳይቋረጥ።

«ሉቺያ እኮ አዲስ አይደለችም» አልኳት።

«ለእኔ አዲስ ናት፣ እማማ።»

ቆርቆሮውን መስኮቷ ላይ አስቀምጣዋለች። ከጓሮዬ ሆኜ ይታየኛል።

ጃንዋሪ 9

ደረቁ የሰሜን ነፋስ፣ ቦራ፣ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ሰማዩ ወለል ብሏል፤ ልብስ በግማሽ ሰዓት ይደርቃል። ጀልባ የሚናፈሰው እንዲህ ባለ ቀን ነው። ባርባ ኩዝማ በደጄ ሲያልፉ «ይሄ ነፋስ መድኃኒት ነው፤ ሉቺያ ዛሬ ትታከማለች» ብለው እጃቸውን አነሱልኝ።

ቢላ ይዤ ወረድኩ። ሦስት ገመድ ቆረጥኩ። አንዱን ጥግ ገለጥ ሳደርገው ሽታው ፊቴን መታኝ። የእንጉዳይ ሽታ። ከእንጉዳዩ ሥር ሌላኛው ሽታም ያለ መሰለኝ። ሊኖር አይችልም፤ ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ። ግን መሰለኝ። የቆረጥኳቸውን ገመዶች ቋጥሬ መልሼ አሰርኩና መጣሁ።

ስለዚያ ጠዋት ልጻፍ።

ሉቺያን ባዶዋን ስትንሳፈፍ አግኝተው የጎተቷት ባርባ ኩዝማ ናቸው። ሌሎቹ ሁሉ ፕሮስፔርን ፍለጋ ወጡ። ያድራንካ ፋብሪካ ነበረች፤ ገና የነገራት የለም። ሴቶቹ ወደ ባሕሩ እያዩ ሲጮኹ እኔ ጀልባዋ ውስጥ ገባሁ። ልጄ ውሃ ውስጥ ሆኖ እኔ ቡርሽ ፈለግኩ። ይሄን ጽፌ ሳነበው የሌላ ሴት ታሪክ ይመስለኛል። ከጓሮዬ ጉድጓድ አሥራ አራት ባልዲ የዝናብ ውሃ ቀዳሁ። በሳሙና አጠብኩ። ሳሙናው አልበቃ ሲለኝ አቼቶ ጨመርኩ። እስከ ወለሉ ሥር አፈሰስኩት። የዓሣ አጥማጅ ሚስት ነኝ፤ በጀልባ ሆድ የዝናብ ውሃ እንደማይፈስ አውቃለሁ። እኔ ግን እንግዳ ሊመጣበት እንደሆነ ቤት አጠብኳት። ልጄ ሁለት ዓመት ያጠጣትን ጨው ሁሉ አውጥቼ ደፋሁት።

ምን እንዳጠብኩ አልጽፍም። እናት የልጇን ገመና ትሸፍናለች።

ጃንዋሪ 24

ዛሬም ቦራ። ደረቅ። አልሄድኩም።

ፌብሩዋሪ 2

የሻማ በዓል። ያድራንካ ከሥራ ቀርታ ከእኔ ጋር ዋለች። መረብ መጠገን አስተማርኳት። እንደ ጥልፍ ትይዘዋለች፤ «ሳብ አድርጊው፣ አይሰበርም» እላታለሁ። የጠገነችውን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችና «እማማ፣ በዚህ ቀዳዳ ዓሣው ባርኔጣውን እንኳ ሳያወልቅ ነው የሚወጣ» ብላ ሳቀች። ከሴፕቴምበር ወዲህ ሳቋን መስማቴ ነው።

ከዚያ ዓይኗን ከመረቡ ሳታነሳ እንዲህ አለች፦

«ከበሩ ኋላ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አላነሳሁትም። መጠጥ ከተወበት ቀን ጀምሮ በየማታው መስቀል ያደርግበት ነበር። ቆጠርኳቸው። አራት መቶ ሃያ ስድስት ናቸው። የመጨረሻው ቀን ብቻ ባዶ ነው፤ ማታ አልተመለሰማ። እኔ ልሙላለት፣ እማማ? ያን ቀንም አልጠጣም። መስቀሉ ይገባዋል።»

መርፌው ከእጄ ወደቀ። አጎንብሼ ፈለግኩት፤ ብዙ ፈለግኩት።

«እንዳሻሽ» አልኳት።

ዶሮዎቹን ልይ ብዬ ወጣሁ። ዶሮ ቤት ውስጥ ቆሜ ቆየሁ። ስመለስ ሄዳለች።

አሁን እጽፈዋለሁ።

ያን ቀን ገና ሳይነጋ የባሕር ስንቁን ዳቦ ሊወስድ መጣ። ይበርድ ነበር። «ትንሽ ያዝ፣ ደም ያሞቃል» አልኩት። «እናቴ፣ ትቻለሁ እኮ» አለኝ። «ምነው፣ ሚስትህን ማስፈቀድ አለብህ?» አልኩት። እንደ ቀልድ ነው። ሳቅኩበት። የአባቱን የወታደር ኮዳ፣ ሊትር ከምናምን የሚይዘውን፣ እስከ አፉ ወይን ሞልቼ ከዳቦው ጋር ከተትኩለት። ጆሮው ቀላ፤ ሕፃን ሆኖም ሲያፍር ጆሮው ነበር የሚቀላው። አፍሮ ወሰደው። እሱን ያሳፈርኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ሐፍረቱ ተመልሶ እኔ ቤት ተቀመጠ።

ምራቴ አንድ ነገር ብላው ነበር፤ እኔ ሌላ አልኩት፤ የእኔን ሰማ። በሩን ዘግቶ ሲወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። የማልችለው ይሄንን ነው። ደስ ብሎኝ ነበር።

ኮዳውን ባዶውን ጀልባዋ ውስጥ አገኘሁት። ወለሉ ላይ ትውከት ነበር።

ማርች 12

«እማማ፣ እሁድ እንክፈታት?»

«ገና ነው። ማርች ያታልላል።»

«ባርባ ኩዝማ እንኳ ጊዜው ደርሷል ይላሉ።»

«ገና ነው አልኩሽ!»

ጮኽኩባት። ይቅርታ ጠየቀችኝ። እሷ እኔን።

ማርች 19

የዮሴፍ በዓል፤ የአናጢዎች ቀን። ጠዋት ቡና እንኳ ሳልጠጣ መዶሻ ሰማሁ። ባርባ ኩዝማ መሣሪያቸውን ይዘው፣ ያድራንካ ፋብሪካውን አስፈቅዳ፣ ሁለቱም ወይራው ሥር ቆመዋል። ሮጥኩ። ስደርስ የመጨረሻው ገመድ ተቆርጧል።

ላስቲኩ ሲገፈፍ ውስጡ የተሰበሰበው ውሃ ጫማቸው ላይ ፈሰሰ። ሽታው ወጣ። የወለሉ ሳንቃ ከቦታው አልተነሳም። ላዩ ላይ ነጭ ሻጋታ እንደ ጥጥ ተነጥፏል። ባርባ ኩዝማ ወስፌያቸውን አውጥተው ከታች በኩል ሆዷን ወጋ አደረጉት። ወስፌው ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ እስከ እጀታው ገባ። አወጡት። ሌላ ቦታ ወጉ። ገባ።

«ቪንካ» አሉ ሳይዞሩ፣ «ጨው ነስንሻለሁ አላልሽኝም?»

«አልነሰነስኩም።»

«ሳንቃውን አንስቻለሁ አላልሽኝም?»

«ዋሽቼ ነው።»

ያድራንካ እኔንና ጀልባዋን እያፈራረቀች አየች። «ለምን፣ እማማ? ስለ ጨው ሰው ለምን ይዋሻል?»

«አጥቤያት ስለነበር። እንዳይታወቅብኝ።»

«መቼ አጠቧት?»

«ያን ቀን።»

«እሱን ሲፈልጉት?»

«አዎ።»

ከዚያ ቀስ ብላ፣ አንዱን ነገር ከሌላው እንደሚቋጥር ሰው፣ «ያን ቀን ከፋብሪካ ስመጣ አቅፈውኝ ነበር። እጅዎ አቼቶ አቼቶ ይሸት ነበር። ለሰላጣ መስሎኝ… በአቼቶ የሚታጠበው ምንድን ነው፣ እማማ?» አለች።

ባርባ ኩዝማ ወስፌያቸውን በሱሪያቸው ይጠርጋሉ፣ ይጠርጋሉ። ሊሄዱ ፈልገው እግራቸው እምቢ ያላቸው ይመስላሉ።

«ኮዳውን የሞላሁት እኔ ነኝ» አልኳት። «ትቻለሁ ብሎኝ ነበር። ሳቅኩበት። እኔ ነኝ፣ ያድራንካ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። አንዱ ነጠላ ጫማዋ ከፈሰሰው ውሃ ውስጥ ቀርቶ በአንድ እግሯ ጫማ፣ በሌላው ባዶዋን፣ ዳገቱን ወጣች። ጫማውን አንስቼ ደጇ ላይ አኖርኩት። በሩ አልተከፈተም።

ማርች 23

አልመጣችም።

ማርች 27

አልመጣችም። ሾርባ ደጇ ላይ አኖርኩ። ድስቱ ታጥቦ፣ እንደተከደነ፣ ደጄ ላይ ተመልሶ አገኘሁት። ትብላው ትድፋው አላውቅም።

ባርባ ኩዝማ በየቀኑ ይሠራሉ። እኔ እንጨት አቀብላለሁ፣ ሬንጅ አሞቃለሁ። ዛሬ እንዲህ አሉኝ፦ «ሦስት ሳንቃና ሁለት የጎድን እንጨት ነው የበሰበሰው። ሌላው ጤነኛ ነው። ለእሳት አይደለችም።»

ተቀመጥኩ።

«ያን ጠዋት የጎተትኳት እኔ ነኝ፣ ቪንካ። አፍንጫ የሌለኝ መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ። ስትቆዪብኝ እኔም አፈርኩ። ያን ላስቲክ መጥቼ መግፈፍ ነበረብኝ። ክረምቱን ሙሉ በደጁ ሳልፍ ‹ጨው ነሰነስሽ?› እያልኩ የምጠይቅሽ፣ ራስሽ እንድትከፍቺው ነበር።» ጉንጫቸውን አከኩ። «የሁለታችንም ጨዋነት ይቺን ምስኪን እንጨት ሊገድላት ነበር።»

ኤፕሪል 5

ያድራንካ መጣች። ሰላም አላለችኝም። ከጀልባዋ ማዶ ሆና በቃጫ ስንጥቅ መድፈን ጀመረች፤ እኔ ከዚህኛው ጎን። በመካከላችን ሉቺያ ብቻ ናት። የመዶሻዋን ድምፅ እየሰማሁ የእኔን ከእሷ ጋር እኩል አደረግኩ። ስታቆም አቆማለሁ።

ቀትር ሲሆን ያንን ቆርቆሮ አወጣችና አመዱን ሬንጁ ውስጥ ጨመረችው። ባርባ ኩዝማ አማሰሉት።

ልትሄድ ስትል፣ ፊቷን ወደ ባሕሩ አድርጋ፣ «መስቀሉን አጠፋሁት» አለች። «የመጨረሻውን። እኔ የሞላሁትን።»

መዶሻዬን መሬት አኖርኩ።

«አራት መቶ ሃያ ስድስቱ ግን የራሱ ናቸው። እነሱን ማንም አያጠፋቸውም። እርስዎም።»

«እኔም» አልኩ።

ኤፕሪል 9

ሁለቱን ጆንያ ጨው በትከሻዬ ተሸክሜ ወረድኩ። ባርባ ኩዝማ «አሁንማ ልትወርድ ነው፤ ለሚመጣው ክረምት አቆይው» አሉኝ። አልሰማኋቸውም። ከየጎድን እንጨቱ ሥር፣ ከየስንጥቁ፣ በእጄ እየዘገንኩ ነሰነስኩ። እጄ በሬንጅ ተሰነጣጥቆ ስለነበር አንገበገበኝ። እስኪያልቅ ድረስ ጓንት አላደረግኩም።

ኤፕሪል 26

የማርቆስ በዓል ትናንት አለፈ። ዛሬ ሉቺያ ወረደች። እንደ ደረቀ እንጨት ሁሉ መጀመሪያ ውሃ አስገባች፤ ያድራንካ ቁና ቁና እየተነፈሰች ቀዳች። ወንዶቹ ከዳር ሆነው «ሳንቃው እስኪያብጥ ነው፣ አይዞሽ!» ይሏታል። ፔሪና ደግሞ «እስኪያብጥ ድረስ እናንተስ ባልዲ ብትይዙ ወገባችሁ ይቆረጣል?» አለቻቸውና ሁለቱ ዘለው ገቡ። ቀትር ሳይሞላ ውሃው ቆመ።

ጠዋት ኮዳውን ከዘይት ማሰሮው ኋላ አውጥቼ ነበር። ልጥለው አስቤ መጣል መደበቅ መሰለኝ። አፈላሁት፣ አጠብኩት፣ ከጉድጓዱ ውሃ ሞላሁት። ልትወጣ ስትል ከዳቦው ጋር አቀበልኳት።

ያወቀችው ወዲያው ነው። ክዳኑን ፈታች። መንደሩ ሁሉ እያየ አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችው። ፔሪና እንኳ ቀልድ አጣች። እኔ አልሸሸሁም፤ ፊቴን ሳላዞር ቆምኩ። ከዚያ ገጥማ ከመቀመጫዋ ሥር አኖረችውና ሞተሩን አስነሳች።

ባሕሩ እንደ ዘይት ነበር። እስክትመለስ ድረስ ከወይራው ሥር አልተነሳሁም።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል መጣች። ዓሣው አንድ ቅርጫት አይሞላም። በጓሮዬ በር ገብታ፣ ኮዳውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ወደ ቤቷ ሄደች። አነሳሁት። ቀሎኛል። ባዶ ነበር፤ ጠጥታዋለች።

አጥቤ፣ ለነገ እንዲደርቅ አፉን ወደ ታች አድርጌ ደፋሁት።